በር ላይ የተለጠፈችው ኢስክራ

ሞዴና፣ ሴፕቴምበር 18 ቀን 2011

ለተከበሩ እትዬ ሩምያና፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለው? እግዚአብሔር መጪውን ክረምት ያቅልልዎ፤ የንባብ ቤቱንም ጣሪያ ከዝናብ ይጠብቅ። እኔ ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ዕቃ ለሚያመላልሰው የአውቶቡስ ሾፌር ሰጥቼዋለሁ። መደወል እችል ነበር፤ ግን በስልክ ሰው "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" ብሎ ይዘጋል። እርስዎ ደግሞ የአባቴ የአጎት ልጅ ብቻ አይደሉም፤ ማንበብ ያስተማሩኝ ሰው ነዎት። ለእርስዎ መጻፍ ይቀለኛል።

እናቴ እንደነገረችኝ ንባብ ቤቱ ውስጥ ኮምፒውተሮች ገብተዋል፤ ልጆችም ከትምህርት ቤት መልስ እየመጡ ይማራሉ። እባክዎ ልጄን ቢልያናን ይቀበሉልኝ። አሥራ ሦስት ዓመት ሞላት። ከእናቴ ጋር ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣ ነው የምትውለው። እሁድ እሁድ ስደውል "ደህና ነኝ፣ አያቴን ላቅርብልሽ" ትለኛለች፤ ስልኩ እጇ ላይ አይቆይም። እኔ የሰው አሮጊት ሳጥብ ልኖር ነው፤ እሷ ግን አንድ ነገር ትወቅ።

መምጣት አልቻልኩም። የማስታምማት ሲኞራ ኤልዳ ብቻዋን አትተውም፤ ድሮ ከምትተካኝ ሴት ጋር እንፈራረቅ ነበር፣ እሷ ከሄደች ወዲህ ግን ሌላ ሰው አልተቀጠረም። የሲኞራን ልጅ ፈቃድ ስጠይቀው "ከሄድሽ ሌላ እንፈልጋለን" ይለኛል። በትሕትና ነው የሚለው። ሳልመጣ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አልዋሽዎትም፣ መጀመሪያ አካባቢ አለቅስ ነበር፤ አሁን ብዙም አይሰማኝም። ድካም ይሆናል።

ቸኮሌቱ የልጆቹ ነው። ካልሲው የእርስዎ።

ኢስክራ


ዶልኒ ያሴን፣ ኦክቶበር 30 ቀን 2011

ልጄ ኢስክራ፣

የእግዚአብሔር ሰላም ባለሽበት ይድረስሽ፤ የያዝሽው ይባረክልሽ። ስለ ጣሪያው ላደረግሽው ጸሎት አመሰግናለሁ፤ እስካሁን ግን የሚጠብቀው ባልዲ ነው። ጉልበቴ ያው ጉልበቴ ነው። ካልሲው ልክ ሆነኝ።

ኮምፒውተሮቹ አምስት ናቸው፤ ባለቀለም ማተሚያና ፎቶ የሚገለብጥ ማሽንም አብሮ መጥቷል። ለነሱ ቦታ ለመልቀቅ መደርደሪያዎቹን ወደ ግድግዳ ገፋናቸው፤ ታላላቆቹ ደራሲዎች አሁን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀጥተዋል። የሚያሠለጥነን ጎረምሳ ከሶፊያ መጥቶ ሁለት ቀን ሰነበተ። እኔን "የመረጃ አመቻች" አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ላይብረሪያን ነበርኩ፤ ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ሹመት ጥሩ ነው።

የልጆቹ ሥራ መጀመሪያ ጨዋታ ብቻ ነበር። ግን ኮምፒውተሮቹን የሰጠን ፕሮግራም ደንብ አለው፤ እያንዳንዱ ልጅ የተማረውን ይዞ ለመንደሩ የሚጠቅም አንድ ሥራ መሥራት አለበት፤ በማርች ከፕሮግራሙ እንግዶች መጥተው ያያሉ። ሁለቱ ለእግር ኳስ ቡድናችን የኢንተርኔት ገጽ እየሠሩ ነው። ቡድኑ አሥራ አንድ ሰው ከሌለው ቆይቷል፤ ገጹ ግን ያምራል።

ቢልያና ትመጣለች። ጥግ ትቀመጣለች፣ አትናገርም። ማተሚያው ሲያኮርፍ ብቻ ተነሥታ ትመጣና ሆዱን ከፍታ ታስታርቀዋለች። ከሁሉም ትበልጣለች ብልሽ ስለምወዳት አይደለም። ግጥምም ትዋሳለች፤ በዚህ ቤት ግጥም የሚዋስ ሰው ካየሁ ዘመን አልፎኛል። የጀመረችውን ሥራ ሰው ሁሉ ይፈልገዋል። ከአውቶቡስ ፌርማታው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ብትሄጂ ሥራዋ ተለጥፎ ታዪዋለሽ።

እናትሽ ደህና ናት፤ ትሳደባለች።

ሩምያና


ሞዴና፣ ዲሴምበር 4 ቀን 2011

ለተከበሩ እትዬ ሩምያና፣

ጤና ይስጥልኝ። ለመጪው ልደት በሰላም ያድርስዎ፤ ሹመትዎንም ይባርክ። እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤዎን ለሲኞራ አነበብኩላት። "ልጄ ሠርታ መንደሩ ሁሉ ለጥፎታል" ስላት አጨበጨበች። ደስ አለኝ መሰለኝ። ከሥራዋ አንዷን ወረቀት ይላኩልኝ፤ በክፍሌ ግድግዳ ላይ ልስቀላት። ምንድን ነው የምታትመው? የቲያትር ነው? የዳንስ?

ለልደት እመጣለሁ ብዬ ነበር። ሲኞራ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ለቢልያና ቦት ጫማ ልኬላታለሁ፤ ሠላሳ ስድስት ቁጥር ነው። ውስጡ ጸጉር አለው፣ ይሞቃታል።

እርስዎን የማስቸግርዎ ይህን ብቻ ነው።

ኢስክራ


ዶልኒ ያሴን፣ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2012

ልጄ ኢስክራ፣

አዲሱ ዓመት የጤና ይሁንልሽ፣ የሲኞራሽንም አጥንት ይጠግንላት። መልስ የዘገየው በረዶው አውቶቡሱን ስለያዘው ነው ልል ነበር። በረዶውስ ይዞታል፤ ግን ከበረዶው በፊትም ነበር ወረቀቱን ፊቴ ዘርግቼ የማነሣው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የሆነ ሆኖ ሴትዮዋ እጇን አጨብጭባልሻለች፤ እኔ ደግሞ አፌን ይዤ መቆየት አልችልም።

ቢልያና የምታትመው ያን በየበሩ የሚለጠፈውን የሙት ወረቀት ነው።

አባትሽ ሲሞት እናትሽ ፎቶውን በሻሽ ጠቅልላ ቪዲን ከተማ ማተሚያ ሱቅ ድረስ እንደሄደች ታስታውሻለሽ። ለቀብሩ አንድ ወረቀት፣ ለአርባው ሌላ፣ ለመንፈቁ ሌላ፣ ለሙት ዓመቱ ሌላ፤ በር ላይ፣ ፌርማታው ላይ፣ የዋልነት ዛፉ ግንድ ላይ። የማተሚያ ሱቁ ሰውዬ ለሁሉም ያችኑ "የማይረሳ ሐዘን" የምትል ቃል ነበር የሚያስቀምጠው፤ ለአስተማሪውም ለሰካራሙም። አሁን ደግሞ አውቶቡሱ ወደ ከተማ በሳምንት ሁለቴ ብቻ ሆኗል። የጎረቤታችሁ የፔና ባል በኦክቶበር ሲሞት ፔና ፎቶውን ይዛ እኔ ዘንድ መጣች። የማደርገው ጠፋኝ። ቢልያና ከጥጓ ተነሣች።

"ጠዋት ሲነሣ መጀመሪያ ምን ያደርግ ነበር?" አለቻት።

"መንግሥትን ይሰድብ ነበር" አለች ፔና።

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ዶሮዎቹን ይፈታል።"

ከፎቶው በታች "ጠዋት ጠዋት ዶሮዎቹን ይፈታ ነበር" ብላ ጻፈችበት። ቀብሩ ላይ ያላለቀሰችው ፔና እዚያ ማተሚያው አጠገብ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ "መንግሥቱንስ ለምን ተውሽው?" አለቻት። "ቦታ የለም" አለቻት ልጅሽ።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ሥራ አልፈታችም። ግጥሙንም የምትዋሰው ለዚሁ ነው። በዚህ መንደር ማንም ሰው የሚያሳትመው ሌላ ነገር የለውም፤ ሠርግ የለ፣ ክርስትና የለ። አሮጊቶቹ ሳይሞቱ አስቀድመው ያዝዛሉ። እናትሽም አዝዛለች፤ "ሰው በችኮላ የተገኘ ፎቶ ነው የሚለጥፍብሽ፣ እኔ የራሴን እመርጣለሁ" ብላ ያንን ባለ ኮሌታውን ፎቶ አመጣች። እንግዶቹ የጠየቁት ለመንደሩ የሚጠቅም ሥራ ነው፤ እንግዲህ ይሄ ነው የጠቀመው። ለግድግዳሽ እንዳልልክልሽ የማታውቂውን ሰው ሞት ምን ታደርጊዋለሽ ብዬ ነው።

ቦት ጫማው አልገባትም። እግሯ ሠላሳ ዘጠኝ ሆኗል። ለእናትሽ ሰጠቻት።

ሩምያና


ሞዴና፣ ማርች 4 ቀን 2012

ለተከበሩ እትዬ ሩምያና፣

ጤና ይስጥልኝ። የጾሙ ወራት በሰላም ያልፍልዎ።

አልተቆጣሁም። መቆጣት ነበረብኝ መሰለኝ። የመጽሐፍ ማስታወቂያ፣ የዘፈን ነገር ብትሠራ ይሻል ነበር፤ እርስዎ ይንገሯት፣ እኔ ብናገር አትሰማኝም። ጭራሽ ስልክ ማንሣት ትታለች። እናቴ "ንባብ ቤት ናት" ትለኛለች፤ እሁድም ንባብ ቤት።

ሰውን ሁሉ ጠዋት ምን ያደርግ ነበር ብላ ትጠይቃለች አሉኝ። እኔን ምንም ጠይቃኝ አታውቅም።

ሠላሳ ዘጠኙን ገዝቻለሁ።

ኢስክራ


ዶልኒ ያሴን፣ ማርች 25 ቀን 2012

ልጄ ኢስክራ፣

እግዚአብሔር ዕድሜሽን ያርዝመው። ይህን ምርቃት ዛሬ ያለወትሮዬ ከልቤ ነው የምጽፈው፤ ምክንያቱን አሁን ታዪዋለሽ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

እንግዶቹ የመጡት ባለፈው ሳምንት ዓርብ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ወደ ንባብ ቤት ስሄድ ፌርማታው ላይ አዲስ ወረቀት አየሁ። ማን ሞተ ብዬ ቀረብኩ። ፎቶው ያንቺ ነው፣ ያ በሐብሐብ እርሻው ውስጥ እየሳቅሽ የተነሣሽው። እውነቴን ነው፣ ዘፍ ብዬ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። መነጽሬን ያደረግሁት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦

"ኢስክራ። ጣልያን አገር ናት። ከዚህ ቤት ከወጣች ሦስት ዓመት ሆነ። ጠዋት ጠዋት ፀጉሬን ትሠራኝ ነበር። ልጇ ቢልያና።"

ሞተች የሚል ቃል የለውም። መስቀልም የለውም። ግን ማን ያነባል? እኛ እኮ ፎቶውንና ጥቁሩን ክፈፍ አይተን አማትበን የምናልፍ ሰዎች ሆነናል። ሌላውን በእናንተ በር ላይ፣ ሌላውን በእኔው በንባብ ቤቱ በር ላይ ለጥፋዋለች፤ በመጻሕፍት ቤት በር ላይ የተለጠፈውን አንድም ሰው አላነበበውም። እኔ ከፌርማታው ተነሥቼ እስክደርስ መንደሩ ተነቅሎ ወጥቷል።

ፔና ቀድማ ነው እናንተ ቤት የደረሰችው። እናትሽ ሽንኩርት ልትተክል ጓሮ ነበረች። "ዶና፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ" አለቻት። እናትሽ ቀና ብላ "ማንን አጥቼ?" አለች። ፔና መናገር አቅቷት ወደ በሩ አመለከተቻት። እናትሽ ያለ መነጽር ፊደል አይታያትም፤ ያንቺን ፊት ግን አየችው። ሰው ሁሉ አውቆ ከእሷ የደበቃት መሰላት። አፈሩ ላይ ተቀመጠች። ደወለችልሽ፤ አላነሣሽም፣ ሲኞራሽ የምትተኛበት ሰዓት ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ አንቺ ሾርባ ስታሞቂ እኛ እዚህ ቀብረንሻል። ማታ ላይ ስትደውዪ "ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው" ያለችሽ ለዚህ ነው።

ሴቶቹ ለለቅሶ የሚቀመሰውን የተቀቀለ ስንዴ በሳህን ይዘው መጡ፤ እናንተ ቤት አልበቃቸው ሲል ንባብ ቤቱ ገቡ። እንግዶቹ የደረሱት ያን ጊዜ ነው፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ካሜራ ይዘው። ሴትዮዋ ስንዴውን ቀምሳ "ደስ ይላል፣ የምን በዓል ነው?" አለች።

ቢልያናን መጻሕፍቱ ጀርባ ወስጄ ጠየቅኋት።

"ምንድን ነው ያደረግሽው?"

"ሥራዬን ነዋ። ለመንደሩ የሚጠቅም አላላችሁም?"

"ሰው አስለቀስሽ እኮ! እናትሽ አልሞተችም።"

"ሞተች የሚል የት አለ? ያንብቡት።"

"ታዲያ በር ላይ ለምን?"

"የሞተ ሰው በር ላይ ይለጠፋል። የሄደ ሰውስ? የት ነው የሚለጠፈው?"

አኩርፋ ነው እንዳትዪ። እልህ ቢሆን፣ ለቅሶ ቢሆን አውቅበታለሁ፤ ልጆች አሳድጌያለሁ። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። የአውቶቡስ ሰዓት እንደምትነግረኝ ነበር የምትነግረኝ፤ ፈራሁ።

የመንደሩ ሹም ወረቀቱ ሁሉ ይነሣ አለ፤ "መንደሩን መቃብር አስመሰላችሁት"። ትእዛዙ ግን አንድ ቀን እንኳ አልቆየም። በማግስቱ ፔና ስፔን ያለውን የልጇን ፎቶ ይዛ መጣች፤ "የእኔንም ሥሪልኝ፣ እሱም ከሄደ ቆየ"። ከዚያ ሌላዋ መጣች። አሁን ፌርማታው ላይ ከሞቱት የሄዱት በልጠዋል፤ ጀርመን ያለ፣ ግሪክ ያለ፣ የት እንዳለ የማይታወቅም አለ። እናትሽ የበሩን ወረቀት ማንም እንዳይነካብኝ ብላለች።

ኢስክራ፣ እኔ የሩቅ ዘመድ ነኝ፤ መምከር አይገባኝ ይሆናል። ግን ይህቺ ልጅ እያዘነችልሽ አይደለም፤ ሐዘኗን ጨርሳ እየዘጋችው ነው። ሌላ ወረቀት ሳይጨመርበት ወይ ነይ፣ ወይ አልመጣም በያት።

ሩምያና


ሞዴና፣ ሜይ 13 ቀን 2012

ለተከበሩ እትዬ ሩምያና፣

ጤና ይስጥልኝ። ፋሲካው እንዴት አለፈ? እንኳን አደረስዎ ሳልል አለፈኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ደብዳቤዎን ኩሽና ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ የሲኞራን መድኃኒት ሰጠሁ፣ አልጋዋን ቀየርኩ። የዘገየሁት አንድ ነገር እስኪሰማኝ እየጠበቅሁ ነው። ዛሬ ይሰማኛል፣ ነገ ይሰማኛል እያልኩ አንድ ወር አለፈ። መሞቴን ነግረውኝ ገበያ ሄድኩ፣ ቲማቲም መረጥኩ።

ባለፈው ሰኞ የሲኞራን ፀጉር እየሠራሁላት ነበር። በየጠዋቱ እሠራላታለሁ፣ ረጅምና ስስ ነው። እጄ መሐል ላይ ቆመ። "ምን ሆንሽ?" አለችኝ። "የልጄን ፀጉር መጨረሻ የሠራሁት መቼ እንደሆነ እያሰብኩ ነው" አልኳት። "ልጅ አለሽ እንዴ?" አለች። በየቀኑ እነግራታለሁ፤ አእምሮዋ እየከዳት ስለሆነ ትረሳለች። ስለ ወረቀቱም ስታጨበጭብ የነበረችው ሌላ ነገር መስሏት ይሆናል። የዚያን ዕለት ግን የጠየቀችኝ ሌላ ሰው መሰለኝ። "አለኝ" ብዬ ጥርት አድርጌ መናገር አቃተኝ። ለካ ገና አለሁ።

ለሲኞራ ልጅ እንደምሄድ ነግሬዋለሁ። "ከሄድሽ ሌላ እንፈልጋለን" አለ። "ፈልጉ" አልኩት። ጁን 9፣ ቅዳሜ፣ በዚሁ አውቶቡስ እመጣለሁ።

ወረቀቱን አያስነሱት። እውነት ነው የጻፈችው። ፎቶውን ብቻ ትቀይረው፤ ያ የሐብሐብ እርሻው አሥር ዓመት አልፎታል። ባቡር ጣቢያ ካለው የፎቶ ማሽን የተነሣሁትን በፖስታው ውስጥ አድርጌያለሁ። ከአውቶቡሱ ስወርድ አይታኝ እንዳታልፈኝ።

ኢስክራ


ዶልኒ ያሴን፣ ሜይ 31 ቀን 2012

ልጄ ኢስክራ፣

መንገድሽን ያቅናልሽ። ይህን ሾፌሩ ከመነሣትሽ በፊት ያደርስልሻል፤ መልስ ለመጻፍ ግን ጊዜ የለሽም።

ደብዳቤሽን ለቢልያና ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው፣ ፎቶውን መገልበጫ ማሽኑ ላይ አደረገችው፣ በኮምፒውተሩ ስክሪን ሙሉ አጎላችው። ለረጅም ጊዜ አየችሽ። ከዚያ "ሸበተች" አለች።

አዲሱን ወረቀት በማግስቱ በራችሁ ላይ ለጠፈችው። ስለ መንደራችን አፍሬ ነው የምነግርሽ፤ ሴቶቹ መጥተው ቆሙ። "ምስኪን፣ ይቺ ደግሞ የማን ዘመድ ናት?" አለች አንዷ። "ወጣት አይደለችም፣ ግን አላረጀችም" አለች ፔና፣ አማተበች። ፔና እኮ ክርስትና ያነሣችሽ ናት። ልጅሽ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር።

"አንብቡት" አለቻቸው።

"መነጽር አልያዝኩም የኔ ልጅ።"

"ሄደው ያምጡ።"

ፔና ቤቷ ሄዳ አመጣች። ጣቷን ከፊደል ፊደል እያስኬደች ጮክ ብላ አነበበች፦ "ኢስክራ። ጁን 9 ቅዳሜ በአውቶቡስ ትመጣለች።" አንዴ ደግማ አነበበችው። ከዚያ ፎቶሽን በመዳፏ ነካችው። እናትሽ ከዚያ ዕለት ጀምራ ቤት ስትጠርግ ነው፤ መነጽርም ተውሳ በየጠዋቱ ወጥታ ታነበዋለች።

አንድ ነገር ቀረኝ። ቢልያና ወረቀቱን ልታትም ስትል እጇን ከማሽኑ አንሥታ "ለስንት ቀን ነው የምትመጣው?" አለችኝ። ደብዳቤሽን ገለበጥኩት፣ ደግሜ አነበብኩት። ሥራውን መልቀቅሽን ጽፈሻል፣ ሌላ ሥራ ፍለጋ መመለስ አለመመለስሽን አልጻፍሽም። ልገምትላት አልፈለግሁም። "አልጻፈችም" አልኳት። "ትመጣለች" ከሚለው ቀጥሎ አንድ መስመር ባዶ ትታ አተመችው።

እኔም አልጠይቅሽም፤ ታውቂው እንደሆነም አላውቅም። ቅዳሜ ፌርማታው ላይ ትቆማለች። አቀፍኩሽ፣ አደግሽ፣ ናፈቅሽኝ የሚባለው ሁሉ ይደርሳል። ከሰላምታው በፊት ለስንት ቀን እንደመጣሽ ንገሪያት።

ሩምያና